ጋሼ ለማ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ዕለት

ይህ የሆነው በ2022 ሰመር ላይ፣ ወላጆቼ ከአሰላ ኮሎምበስ መጥተው እኔ ጋ በሰነበቱበት ወቅት ነው። እስካሁን ለማንም ሙሉውን አውርቼው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱም የሰሙት ጫፍ ጫፉን ነው። አሁን ግን ልናገረው ፈለግሁ። ምናልባት እናትና አባቷን ለመቀበል ሽር ጉድ የምትል አንዲት እህት ታነበው ይሆናል።

ምሕረት እባላለሁ። ያኔ ከባለቤቴ ጋር ኮሎምበስ ዳር፣ ግሮቭ ሲቲ ውስጥ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆንም ቴክሳስ ነበር። እኔ የምሠራው ዎርዝንግተን ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ናቸው። አለብሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ የማያልቅ ወሬያቸውን እሰማለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። የሱፐርቫይዘሬ ወሬ ሁልጊዜ "ምሕረት ታጋሽ ናት" ነው።

አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ቢንያም። የመንገድ ሥራ ሰርቬየር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ፊልድ ነው፤ ዛሬ ባሌ፣ ነገ ጋሞ፣ ከነገ ወዲያ ኔትወርክ የሌለበት ቆላ። በ2020 ኮሮና ወሰደው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠዋት ሊያረዱኝ ሲመጡ እንደ ወጉ ቤት መግባት አልቻሉም። ማስካቸውን አድርገው ፓርኪንጉ ላይ ተራርቀው ቆሙና "ምሕረት፣ ጌታ ያጽናሽ፣ ቢንያም አርፏል" አሉኝ። ሊያቅፈኝ የደፈረ አልነበረም። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እነሱ ቆመው አለቀሱ፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው ወደ መኪናቸው ገቡ። የቀረው ሰው ለቅሶ የደረሰኝ በስልክና በዙም ነው። በረራ አልነበረም። ቀብሩን የአጎቴ ልጅ በቪዲዮ ልታሳየኝ ሞከረች፤ ሳጥኑን ከመኪና ሲያወርዱት ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ስለዚህ ወላጆቼ ቪዛ አግኝተው እስኪመጡ ድረስ አንድ ነገር ቋጥሬ ነበር የጠበቅሁት። እናቴ ደረት ላይ ተደፍቼ "ወንድሜን!" ብዬ ልጮህ። ሰው ወላጁ ሲመጣለት በደስታ ነው የሚጠብቀው፤ እኔ ደስታውንም ለቅሶውንም አንድ ላይ አቆይቼ ነበር።

ኤርፖርት ብቅ ሲሉ አባዬ በዊልቸር እየተገፋ ነበር፤ መንገዱ ስለሚረዝም እኔው ነኝ ያስያዝኩለት። እማዬ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ከጎኑ ትራመዳለች። ቀሚሱን ሳየው ቅር አለኝ። ለልጇ ጥቁር እንኳ አልለበሰችም? ሮጬ ተጠመጠምኩባት።

"እማዬ… ቢኒዬ…" ማለት ስጀምር አፌን ትከሻዋ ላይ አፈነችው። ሌላ ቃል የለኝም፤ ጭንቅላቴን ይዛ አፈነችኝ። ጆሮዬ ሥር፣

"እዚህ አይሆንም። አባትሽ ፊት እንዳታነሺው። አደራ" አለችኝ።

አባዬ ከዊልቸሩ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። "ምሕረቴ፣ ተባረኪ፣ ጌታ ይጠብቅሽ፣ የተከፈተ በር አይዘጋብሽ" ብሎ መረቀኝ። ስልክ ላይም ሁልጊዜ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ከኋላዬ ዞር ዞር ብሎ ሰው ሲፈልግ አየሁት።

"ማንን ነው አባዬ?"

"ማንንም። ሰዉ ሲበዛብኝ ጊዜ ነው" አለ።

ቤት ስንደርስ ሌላ ነገር መጣ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የቢኒን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ሰቅዬው ነበር። ሻንጣ አስገብቼ ስመለስ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

"እማዬ፣ ፎቶውን የት አደረግሽው?"

"ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አባትሽ ሲያየው ያመዋል።"

"እኔንስ? እኔን አያመኝም?"

"አንቺ ቻይው" አለችና ሻንጣዋን መፍታት ጀመረች።

የሚቀጥሉት ቀናት እንዲሁ አለፉ። እማዬ ከአባዬ አትለይም። ለእግሩ ጫማ ልግዛለት ብዬ ላወጣው ስል "እኔም እመጣለሁ" ትላለች። አንድ ነገር ስጠይቀው እሷ ትመልሳለች። "አባዬ፣ ጎረቤታችሁ ሳሙኤል ልጁን ዳረ አይደል?" ስለው አባዬ ፈገግ ይላል፤ እሷ "ዳረ፣ ደግሶ፣ አንድ ሰፈር ነው የጠራው" ትላለች። ይህች ከተማ ስሟ ማን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ደግሞ ሲጠይቀኝ፣ ከመንገድ ድካም ነው፣ ቀንና ሌሊቱ ተዛብቶበት ነው አልኩ። እኔ፣ ሥራዬ ይኸው የሆነ ሴት፣ እንዲህ አልኩ። አባዬ ጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። የወንዞችን ስም ከነገባሮቻቸው እንደ ዳዊት ይደግም የነበረ ሰው ሊረሳ ይችላል ብሎ ልቤ አላሰበም።

ልቤ ያሰበው ሌላ ነው። እናቴ ደርቃለች፤ ልጇን ረስታለች፤ ለቅሶዬን ከለከለችኝ። በውስጤ ተቀየምኳት።

ይህን ቂም ይዤ ነው የጋሼ ለማን ነገር ያሰብኩት። ጋሼ ለማ ከአባዬ ጋር አሰላ አንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ ሳያገቡ በፊት አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የኖሩ ወዳጁ ናቸው። እሳቸው ሒሳብ፣ አባዬ ጂኦግራፊ። ልጃቸው በዲቪ መጥታ፣ በኋላ እሳቸውንና ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን አስመጣቻቸው፤ እዚሁ አጠገባችን ኦቤትስ ነው የሚኖሩት። ከአባዬ ጋር ከተያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብዬ "ጋሼ ለማ፣ አባዬ መጥቷል" ስላቸው፣ የያዙትን መጽሐፍ ቅዱስ ወንበር ላይ አስቀምጠው እሳቸውም ተቀመጡ።

"ግርማ? ግርሜ እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ?"

"እኔ ቤት ነው።"

"ቅዳሜ እንመጣለን። እንዳትነግሪው። በሩን ሲከፍት ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።"

ለእማዬም አልነገርኳት። ሰርፕራይዝ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ምሳ በልተን እንደጨረስን በሩ ተንኳኳ። አባዬ ራሱ እንዲከፍት ላክሁት። በሩ ሲከፈት በመጀመሪያ ያየሁት የጋሼ ለማን ጥቁር ኮትና ጥቁር ከረባት ነው። ከኋላቸው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ጥየቃ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። ሰው ለሞተበት ወዳጁ ያኔ ካልደረሰ፣ ዓመትም ይለፍ ሁለት፣ ሲገናኙ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያደርገው። ተመስገን፣ አንድ ሰው ለቅሶውን ሊከፍተው ነው አልኩ።

አባዬ ግን ጥቁሩን አላየም። ፊታቸውን ነው ያየው።

"ለሜ!" ብሎ ጮኸ።

ተቃቀፉ። ሁለት ሽማግሎች በር ላይ ተያይዘው እየተወዛወዙ ሲስቁ፣ ሲሳሳሙ፣ "አንተ ሰው፣ አንተ ሰው" ሲባባሉ ቆዩ። ገብተው ገና ሳይቀመጡ አባዬ የኮቱን ታሪክ ጀመረ። ያን ዘመን ለሁለቱ አንድ ደህና ኮት ነበረቻቸው። አንድ ቀን ኢንስፔክተር መጥቶ መጀመሪያ የአባዬን ክፍል ጎበኘ፤ አባዬ ኮቷን ለብሶ አስተማረ። ኢንስፔክተሩ በበር ሲወጣ አባዬ ኮቷን በመስኮት ለጋሼ ለማ ወረወረላቸው። ሰውየው የሒሳብ ክፍል ሲገባ ጋሼ ለማ ያችኑ ኮት ለብሰው ጠበቁት።

"'ይህ ትምህርት ቤት ለመምህራን ዩኒፎርም ይሰጣል እንዴ?' አላለም?" አለ አባዬ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። የኢንስፔክተሩን ስም፣ የኮቷን የተቀደደ ኪስ፣ ያን ዕለት ያስተማረውን ትምህርት ሳይቀር አስታወሰ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲያወራ አላየሁትም። ደስ አለኝ።

እማዬ ሳህን ስታጥብ ስለነበር ሳቁን ሰምታ እጇን እየጠረገች ከኪችን ወጣች። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥሎ የጋሼ ለማን ከረባት አየች፣ ከዚያ የእትዬ አስካለን ነጠላ። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ለማ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ወደዚህ ና" አለች።

"ቆይ ጽጌ፣ ደርሼ" አሉ ጋሼ ለማ። ሳቃቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ እትዬ አስካለም ተነሡ።

"ለማ፣ እባክህ፣ አንድ ነገር ልንገርህ…"

"የመጣሁበትን ልፈጽም ጽጌ፣ ከዚያ የፈለግሽውን።" ወደ አባዬ ዞረው ሁለት እጃቸውን አጣመሩ። ድምፃቸው ወዲያው ተሰበረ። "ግርሜ ወንድሜ፣ ያኔ ከጎንህ መቆም ነበረብኝ። ዓለም ተዘጋና ቀረሁ። የቢንያምን ነገር ስሰማ…"

"ለማ!" ብላ ጮኸች እማዬ።

"…እንደ ልጄ ነው ያለቀስኩት። ጌታ ያጽናህ። ልጅ መቅበር ለጠላትም አይስጥ።"

አባዬ የኮቷ ሳቅ ገና ከፊቱ ላይ አልጠፋም ነበር።

"የቱ ቢንያም?" አለ።

ጋሼ ለማ ያጣመሩትን እጃቸውን ፈቱ።

"የኔ ቢንያም?" ዞሮ እናቴን አያት። "ጽጌ፣ ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው? ቢኒ ፊልድ ነው ብለሽኝ የለም?"

እማዬ ወደ እሱ መሄድ ጀመረች፤ እጆቿን ዘርግታ፣ ከፎቅ የሚወድቅ ሕፃን ሊቀበል እንደሚሮጥ ሰው። ሳትደርስበት ጮኸ።

ያን ጩኸት እንዴት ልጻፈው? አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ሰው ነው። "ልጄን! ልጄን! ልጄን!" እያለ ደረቱን ደቃ። "መቼ ነው? ማን ቀበረው? እኔ ሳልቀብረው?"

"ቀብረኸዋል ግርማ" አለች እማዬ እጁን ለመያዝ እየታገለች። "በገዛ እጅህ አፈር አልብሰኸዋል። አብረን ነው የቀበርነው።"

"ዋሽተሽኛል! እኔ ልጄን አልቀበርኩም! ልጄን ደብቃችሁ ቀበራችሁት!"

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማር፣ በአባቴ ፈንታ የምትመልስልኝ እናቴ፣ ስልክ ላይ ከምርቃት ሌላ የማያወራ አባቴ። ሥራ ቦታዬ ባሏ ከሞተ የቆየ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት አለች። "ባሌ የት አለ?" ስትለኝ "ሥራ ነው፣ ይመጣል" እላታለሁ፤ እንዲህ እንድንል ነው ትሬኒንግ የሰጡን፤ እውነቱ ለእሷ በየቀኑ አዲስ መርዶ ነውና። ያን የማውቅ እኔ ነኝ ሰው ጠርቼ፣ ቀን ቆርጬ፣ ለአባቴ መርዶ ያስነገርኩት።

ከታች የሚኖረው ጎረቤቴ መጥቶ በሩን አንኳኳ። እትዬ አስካለ በማይችሉት እንግሊዝኛ፣ ልጅ ሞቷል ለማለት፣ "ሶሪ፣ ሶን ዳይ፣ ሶን ዳይ" ሲሉት ሰማሁ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ተመለሰ።

ሄጄ አባዬን አቀፍኩት። አንገቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በዚያ መከራ መሃል፣ ለአፍታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን አገኘሁ። ስለ ወንድሜ አብሮኝ የሚያለቅስ አባት አገኘሁ። "ወንድሜን!" ብዬ ጮኽሁ፤ እሱም "ልጄን!" አለ። ሲቃው ከሲቃዬ ጋር ገጠመ። እያለቀስኩ ግን ይህ ሰው ነገ ይህን እንደማያስታውስ አውቅ ነበር። እኔ ብቻዬን እንደምይዘው።

ሲደክመው ሶፋው ላይ ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እማዬ ብርድ ልብስ አለበሰችውና ወደ ኪችን ገባች። ተከተልኳት። ጋሼ ለማ ሳሎን ወንበር ላይ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ከቀብሩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ መርሳት ነበር፤ ሐዘን ነው አልን። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ 'ቢኒ ምነው ሳይደውል ቆየ?' አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ተቆጣሁ። ነገርኩት። ልክ አሁን እንዳየሽው ሆነ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሌላ ሰው የሞተብን መስሏቸው። በሳምንቱ ደግሞ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሌላም ጊዜ ነገርኩት።" ጨርቁን አንሥታ የደረቀውን ሳህን ደግማ ማድረቅ ጀመረች። "ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ፊልድ ነው አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ ፊልድ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? እዚህ ሆነሽ ታለቅሺ ነበር። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ኤርፖርት እንኳ…"

"ስሚ ምሕረት። አሁን ያውቅሻል። ከርሞ ያውቅሽ እንደሆነ አላውቅም። ሳይረሳሽ እንዲያይሽ ነው ያመጣሁት።" የዕቃ ዋጋ የምትነግረኝ ትመስል ነበር። "ልጇን የረሳች እናት መስዬሽ እንደተቀየምሽኝም አይቻለሁ። ጥቁር ስለብስ 'ማን ሞተ?' ይለኛል። ሳለቅስ ካየኝ 'ምን ሆንሽ?' ይለኛል። ቤታችን እንደምታውቂው ጠባብ ነው፤ የሚያለቅሱበት ጓዳ የለውም። እኔ እስከ ዛሬ ለልጄ ደህና አድርጌ አልቅሼ አላውቅም።"

እጇን ልይዝ ስል ሶፋው ሲንቋቋ ሰማን። ሁለታችንም ወደ ሳሎን ሄድን።

አባዬ ተነሥቶ ተቀምጧል። ውጭው ገና ብርሃን ነው። ዓይኖቹ አብጠዋል፤ በእጁ ጀርባ እየዳበሳቸው "ዓይኔን ምን ነካው?" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሰው አያቸው። ፊቱ በራ።

"ለሜ! አንተ ሰው! መቼ መጣህ?"

ጋሼ ለማ ወደ እማዬ ተመለከቱ። እማዬ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። እኚያ ትልቅ ሰው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና እጃቸውን ዘረጉ።

"አሁን መግባቴ ነው ግርሜ" አሉት። እንደገና ተቃቀፉ። በአባዬ ትከሻ በኩል የጋሼ ለማን ፊት አየሁት፤ አፋቸው ይስቃል፣ እንባቸው ይወርዳል።

"ጽጌ፣ ለሰውዬው የሚበላ አቅርቢለት እንጂ" አለ አባዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ምሕረቴ፣ ቢኒ አልደወለም?"

እማዬ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አየኋት። ቀደምኳት።

"ደውሏል አባዬ። ፊልድ ነው፤ ኔትወርክ ስለሌለ ቶሎ ተቋረጠ። ሰላም በይልኝ ብሏል።"

"ይሄ ልጅ በሰዓቱ መብላቱን እንጃ" አለ አባዬ።

እንዲህ ያለውን ቃል ሥራ ቦታዬ ላሉት ፈረንጆች በቀን ስንት ጊዜ እለዋለሁ፤ ከምላሴ ሳይከብድ ይወጣል። የዚያን ዕለት ግን ስናገረው ወንድሜን በእጄ የቀበርኩት መሰለኝ።

ሲሄዱ ፓርኪንግ ድረስ ሸኘኋቸው። ጋሼ ለማ የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ።

"ሰው ገድዬ የወጣሁ ያህል ነው የሚሰማኝ" አሉ።

"አላወቁም እኮ ጋሼ። እኔም አላወቅሁም።"

ቀና ብለው የቤቴን መስኮት አዩ። "ጽጌስ? እኔ ለግርማ ነው ለቅሶ የደረስኩት። እሱ ደግሞ ረሳው። ለጽጌ ማን ደረሰላት?"

እትዬ አስካለ ከውስጥ ሆነው "ሰኞ ኦፍ ነሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ሰኞ ሥራ አልገባም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ለማ ሸሚዝ ብቻ ለብሰው መጡና አባዬን "ና እንንሸራሸር፣ ሐይቅ ላሳይህ" አሉት። እማዬ እንደ ልማዷ ጫማዋን ልታደርግ ተነሣች። "አንቺ ቆዪ" አሏት። "የወንዶች ነው።" ከመስኮት አሻግራ እያየቻቸው ሄዱ። መኪናው ሲታጠፍ እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች ይዘው ገቡ። ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፎቶውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት።

እማዬ መጀመሪያ አልቻለችም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር። ታች መኪና በተዘጋ ቁጥር ትደነግጣለች። እትዬ አስካለ ከፊቷ ተንበርክከው ጉልበቷን ያዙ።

"ጽጌ፣ ግርማ የለም። ለማ ይዞት ሄዷል፤ ሳልደውልለት አይመጣም። አልቅሺ እህቴ።"

እማዬ ፎቶውን አየችው። "ቢኒዬ" አለች፣ በቀስታ፣ ከእንቅልፍ እንደምትቀሰቅሰው። ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ ተከማችቶ የኖረው መጣ። "የሰው መንገድ ስትለካ ኖረህ፣ እኔን መሃል መንገድ ጥለኸኝ የሄድክ ልጄ! በየቀኑ ፊልድ ነው እያልኩ የማሰማራህ ልጄ! አንድም ቀን እንኳ ሙት ሆነህ እንድታርፍ ያልፈቀድኩልህ ልጄ!" ሴቶቹ እየተቀበሏት አለቀሱ። እኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አደረግሁ። በለቅሶዋ መሃል የማላውቀውን ነገረችኝ። ሆስፒታል ሲገባ በመስኮት ብቻ እንዳየችው፣ በእጁ "ሂጂ፣ ይበርድሻል" እያለ ምልክት እንዳሳያት፣ እሷም እሺ ብላ እንደሄደች። "እሺ ብዬ ሄድኩ" አለች ደጋግማ። "እሺ ብዬ ሄድኩ እኮ።"

ሲበቃት ፊቷን ታጠበች፤ እትዬ አስካለ ደወሉ። ፎቶውን መልሼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት።

አባዬ ደስ ብሎት ነው የገባው። ሐይቁ ዳር አንድ ትልቅ ዝይ ጋሼ ለማን እንዴት እንዳባረራቸው በእጁ ክንፍ እየሠራ አሳየን። ከዚያ የእማዬን ዓይን አየ።

"ምን ሆነሻል?"

"ጉንፋን ነው" አለች።

"ማስክ አድርጊ እንግዲህ" አላት፣ በሥጋት። "ይሄ ኮሮና ሰው እየፈጀ ነው።"

እማዬ ማስክ ፈልጋ አደረገች።

ወላጆቼ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ተመለሱ። እስኪሄዱ ድረስ ጋሼ ለማ በየሳምንቱ እየመጡ አባዬን ይዘውት ይወጡ ነበር፤ በየጊዜውም እንደ አዲስ ተቃቅፈው፣ የኮቷን ታሪክ እንደ አዲስ ሰምተዋል። ሐኪም አሳየነው፤ ሐኪሙ የነገረኝን እኔ ቀድሜ አውቀው ነበር። እዚሁ ይቅሩ ብዬ ለመንኩ፣ እማዬ ግን "ቤቱን እንኳ አይርሳ፤ ወደሚያውቀው በር ልመልሰው" አለች። እኔም በዓመት አንድ ጊዜ ዕረፍቴን አጠራቅሜ እሄዳለሁ። አሁን ስሜን አያውቀውም። ሲያየኝ ግን ይመርቀኛል፤ "የተከፈተ በር አይዘጋብሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?" ይለኛል።

እናንተ በስልክ "ደህና ነን" የሚሉ ወላጆች ያሏችሁ፣ ልወቅሳችሁ አይደለም የጻፍኩት። እኔ ሙያው እያለኝ አላየሁም፤ እናንተ ባታዩ አይገርምም። አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። ወላጆቻችሁ ሲመጡ ከሁለቱ የምትታዘቡት፣ ደረቀች፣ ተለወጠች፣ ረሳች የምትሉት አንዱ ይኖራል። እሱን ለብቻው አግኙት። ሌላውን የሚይዝላችሁ ሰው ፈልጉና አንድ ከሰዓት ስጡት። ምናልባት የሁላችሁንም ሐዘን ብቻውን ተሸክሞ የሚዞረው እሱ ነው።

አሁን እናቴ አንዳንድ ቀን አባዬን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄዳ ትደውልልኛለች። እኔ ሥራ ላይ ብሆንም ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አነሳዋለሁ። ሰላም አንባባልም። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሲበቃት አፍንጫዋን ትጠርግና "በቃ ልሂድ፣ ይፈልገኛል" ብላ ትዘጋዋለች።